«ደህና ነን» የምትለው ሳጥን

እኔ ከሰው ጋር ብዙም አልገጥም። ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። አፌ ፈጣን ነው፣ ትዕግሥቴ አጭር ነው። አርባ ምንጭ ከወረድኩ ጀምሮ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከኋላ እቀመጥና የመጨረሻው መዝሙር ሳያልቅ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ፤ ከበሩ ላይ ሰላምታ ለማምለጥ። አከራዬ አንድ ቀን እራቴን በፌስታል አንጠልጥዬ ስገባ አይታኝ «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» አለችኝ። «አንቺስ ስትሞቺ አብሮሽ የሚገባ አለ እንዴ?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል።

አንድ ሰው ግን ነበረኝ፤ ታላቅ ወንድሜ። ከጨንቻ በላይ፣ ጉም በማይለየው መንደራችን፣ ሽመና ይሠራል። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ የቀረነው ሁለታችን ነን። እሱም አላገባ፣ እኔም አላገባሁ። ማታ ማታ ይደውልልኛል። ቁም ነገር ቢኖረው እኮ ጥሩ ነበር! ላሟ አጥር ዘላ የጎረቤት ጎመን በላች፤ ዛሬ ጉሙ ሳይገለጥ መሸ፤ የአጎታችን ፍየል ወልዳ ግልገሏን አልቀበል አለች። «ለዚህ ነው የደወልከው?» እለዋለሁ። «ታዲያ ለምን ልደውል?» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ስጨቃጨቅ እውልና በእናቴ ቋንቋ የምስቀው ያኔ ብቻ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ክፍሌ ውስጥ የሚሰማው የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው።

ሥራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር መጠገን ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ቫይረስ ሲገባ፣ የይለፍ ቃል ሲረሳ የምጠራው እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት ታዲያ ከአዲስ አበባ የመጡ አሠልጣኞች አንድ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰቡንና የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን አሳዩን። ውስጧ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባትሪና ዋይፋይ የሚረጭ ዕቃ አለ። «አደጋ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚሞተው ኔትወርክ ነው» አለ አሠልጣኙ። እሷ ግን ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። አጠገቧ ደርሶ የስልኩን ዋይፋይ የከፈተ ሰው የትኛው ጤና ኬላ እንደሚሠራ፣ የደፈረሰ ውሃ እንዴት እንደሚታከም፣ የእርዳታ እህል የት እንደሚታደል ያገኝባታል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ድምፅ መቀበሏ ነው። ሰውየው ቁልፉን ተጭኖ ይናገራል፣ ለማን እንደሆነ ይመርጣል፤ ድምፁ በፍላሽ ተገልብጦ በእግር ይሁን በሞተር ሌላ ቦታ ወዳለችው እህቷ ይወሰዳል። በቃ፣ ዘመናዊ ፖስታ ቤት ናት። ከቁልፎቹ አንዱ «ደህና ነኝ» ይላል፣ አንዱ «እርዳታ እፈልጋለሁ»፣ አንዱ «ሞት ለማሳወቅ»።

አንዷን መንደራችን ጤና ኬላ ላይ የተከልኳት እኔው ራሴ ነኝ። ሶላሯን ጣሪያ ላይ ስጠብቅ ወንድሜ ከታች ቆሞ ለተሰበሰበው ሰው «እህቴ ኢንተርኔት የሌለው ኢንተርኔት ይዛልን መጣች፤ ሲቀጥል ወተት የሌላት ላም ታመጣልናለች» ብሎ አሳቀብኝ። «አንተ ሂድ ሸማህን ሥራ!» አልኩት ከጣሪያው ላይ። ከሰው ሁሉ ጋር እኔም ሳቅሁ። ምሳ የበላነው እሱ ቤት ነበር፤ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ፣ ከበሩ ላይ ሆነው ሲያዩ አባያ ሐይቅ ከታች የሚታይበት።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ እምቢ አለ። ቀን ይጥላል፣ ማታ ይጥላል። ኩልፎ ወንዝ ሞልቶ የሙዙን ማሳ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። አንድ ጠዋት ደጋው ላይ ተራራ ተናደ የሚል ወሬ መጣ። መንገዱ ተቆርጧል፣ የኔትወርክ ማማው ወድቋል። የከተማችንም ኢንተርኔት አብሮ ጠፋ፤ ስልኩ አንዴ ይሠራል አንዴ ይሞታል። ወንድሜ ጋ ስደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች ያቺ ሴትዮ። ደግሜ እደውላለሁ፤ ደግማ ትለኛለች። ተሳደብኩባት እኮ። ቴፕ መሆኗን እያወቅሁ ተሳደብኩባት።

ልሄድ ተነሣሁ። ናዳው ከመንደራችን የታችኛውን ወገን እንደወሰደ ተሰምቶ ነበር፤ የወንድሜ ቤት ደግሞ በዚያ ወገን ነው። ኃላፊዬ በዕድሜ ታናሼ ነው፣ በወንበር ግን አለቃዬ፤ «ተራራው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ወደ ላይ ማንም አይለፍ ተብሏል። ደግሞ አንቺ ከሄድሽ ሳጥኗን ማን ያያል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያውቃት የለም። ከደጋው የሚመጣውን ድምፅ የምትቀበለው የከተማዋ ሳጥን እኛ ግቢ ነው ያለችው። የወንድሜም ድምፅ የሚመጣ ከሆነ በእሷ ነው የሚመጣው። ቀረሁ።

የመጀመሪያው ፍላሽ ሲደርስ ግቢው በሰው ሞላ። ናዳውን በእግር የሚሻገሩ ሰዎች አውርደው ወዲህ ለቆመው ሞተረኛ ሰጥተውት ነው የመጣው። ሰው ሁሉ ማንጎው ሥር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ እልል ትላለች፣ አንዱ ስልኩን ይስማል። እኔ በመስኮት እያየሁ እያንዳንዱን ስም እፈትሻለሁ። ለእኔ የለም። በሚቀጥለው ፍላሽም የለም። አንድ ግቢ ሙሉ ድምፅ አምጥቼ የእኔዋ ድምፅ ብቻ ጠፋች። አትፍረዱብኝ፣ ቅናት ያዘኝ።

ከመጡት አንዱ ኩልፎ ዳር ሙዝ የሚጭን ሰው ነበር። ሚስቱ ልትወልድ ወላጆቿ ዘንድ ደጋ ወጥታ ነበር። አማቱ በድምፅ «ሁላችን ደህና ነን፤ እሷም ትንሽ አሟታል እንጂ ደህና ናት» ብለውት በደስታ እጄን ይዞ አላስለቅቅ አለኝ፤ መርቆኝ ሄደ። በማግስቱ ማለዳ ከወንዙ ማዶ፣ ከእሱ ሰፈር ጩኸት ሰማሁ። ሚስቱ ናዳው የወረደ ቀን ነበር የሞተችው። አማቱ ያንን ድምፅ የቀዱት ከቀብር መልስ ነው።

የዚያኑ ቀን ኃላፊዬ የሳጥኗን ማጠቃለያ ስክሪኑ ላይ እያየ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው የሚለው። አንድም ሞት አልተመዘገበም። ሪፖርት እናድርግ» አለ።

«አንተ የት አገር ነው ያደግከው?» አልኩት። «እናትህ ብትሞት ቁልፍ ተጭኖ የሚነግርህ ዘመድ አለህ?»

«ታዲያ ለምን ይዋሻሉ?»

«አልዋሹም! ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው ነው!»

እሱም እኮ ያውቀዋል፤ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ጠፋበት እንጂ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ማታ አይነገርም። ሰውየው እራቱን በልቶ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አግኝቶ፣ ጎረቤት ቀድሞ ሰምቶ፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ፣ ማለዳ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው «ትንሽ አሞት ነው»፣ «ስልኩ ጠፍቶበት ነው»፣ «መንገድ ሄዷል» ይባላል። ያቺን ሳጥን የሠሩ ሰዎች ይህን ከየት ይወቁት? የሞት ቁልፏን ከደጋው ሰው አንድም የነካት የለም። ማን እጁን ይሰንዝር?

እዚያው ቁጭ ብዬ ያንን ቁልፍ አጠፋሁና በቦታው «ለሽማግሌዎች» የሚል አደረግሁ። ማስተካከያውን በፍላሽ ወደ ላይ ላክሁት። በዚያ የሚላክ ድምፅ ስም የለውም፤ ከየትኛው መንደር እንደተነሣና ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚሄድ ብቻ ያሳያል። የሚከፈተው የሰፈሩ ሽማግሌ ስልክ ላይ ነው። ሽማግሌው ይሰሙና ወግ ባለው መንገድ ያረዳሉ። እኔ የሳጥኗ ጠባቂ ስለሆንኩ ብፈልግ ሁሉንም መክፈት እችላለሁ፤ ግን አንዱንም አልከፈትኩም።

ሠራ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሠራ። ለአንድ ሽማግሌ በደወልኩ ማግስት በዚያ ሰፈር ለቅሶ ይሰማል። ይህን ሰው ደረሰበት። ምሳ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። ስልኬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሰው ፊቴን ያያል፤ «ለማን ልትደውል ይሆን?» ነው። የቀድሞው ብቸኝነቴ በፈቃዴ ነበር፣ ሌላው ቢቀር በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይኼኛው ግን ከውጭ የተዘጋ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ እቀመጣለሁ። እንደማይጠራ አውቃለሁ። ቢሆንም ድምፁን አልቀንሰውም።

በመጨረሻ ለእኔም መጣልኝ። የአጎቴ ድምፅ ነው። «ልጄ፣ እንደምን አለሽ? ሁላችን ደህና ነን፣ ምንም አልሆንም። ወንድምሽም ደህና ነው። ስልኩ ስለጠፋበት ነው ያልደወለልሽ። ጉንፋን ቢጤ ይዞት ተኝቷል እንጂ ሌላ ነገር የለም። አይዞሽ። መንገዱ ሳይከፈት እንዳትመጪ።»

ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። እኔ ነኝ እኮ ኃላፊዬን «የት አገር ነው ያደግከው» ያልኩት! ስልክ ለጠፋበት ሰው የጤና ኬላው ነርስ የራሷን ስልክ ታውሳለች፤ እኔው ነኝ እንዲህ አድርጊ ያልኳት። ጉንፋን ያንን አፍ ይዘጋዋል? ስለ ፍየል የሚደውል ሰው ተራራ ሲናድ ዝም ይላል? እንዲህ አስብና ደግሞ ራሴን እቆጣለሁ፦ ሟርተኛ! ጉንፋን ነው ተባልሽ እኮ፣ ሰው ጉንፋን አይዘውም እንዴ? አፌን ይቁረጠው እላለሁ። ወዲያው ድምፄን ቀዳሁለት። «አንተ ሰነፍ፣ ናዳ ሲወርድ ትተኛለህ? ተነሥና ተናገር! ማስነጠስም ብትሆን ቅዳልኝ» አልኩት። ላክሁት። ፍላሹ ወጣ፣ ፍላሹ ወረደ። የጎረቤቶቹ መልስ መጣ፣ የነርሷ ሰላምታ መጣ። የእሱ አልመጣም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ የመጣውን ፍላሽ ስገለብጥ አንድ የሽማግሌዎች መልእክት ወጣ። የተነሣበት፦ መንደራችን። የሚሄደው፦ የእኔ ሰፈር።

ከመንደራችን ወርደን በዚያ ሰፈር የምንኖር ብዙ አይደለንም፤ አናጢው ከነልጆቹ፣ አትክልት የምትሸጠዋ ሴትዮ፣ እና እኔ። አናጢው መንደር የቀሩ እናት አሉት፣ አሮጊት ናቸው። የአሮጊቷ ይሁን ብዬ ተመኘሁ። አዎ፣ ተመኘሁ። በልጅነቴ ድንች ቀቅለው ያበሉኝን ሴት ሞት በቁሜ ተመኘሁ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ምን ላድርግ? ወንድም ያለኝ አንድ ነው።

መክፈት እችል ነበር። እጄ ማውሱ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፣ ኃላፊዬ ስብሰባ ላይ ነው። ያቆመኝም ይኸው ማንም አለመኖሩ ነው። ብከፍተው ብቻዬን ነው የምሰማው፤ ከብረት ሳጥን። ሌላም ነገር አለ፣ ይህኛውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ፈራሁ። ያ መርዶ የእኔ ከሆነ ማን ይመጣልኛል? ለቅሶ የማልደርስ፣ መዝሙር ሳያልቅ ሹልክ የምል፣ አከራዬን በነገር የወጋሁ ሴት፤ ማን በማለዳ ተነሥቶ እኔ በር ላይ ይቆማል? ማውሱን ለቀቅሁት። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋ ደወልኩ።

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እኔ ከኋላ የምቀመጥባት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም እሳቸው ናቸው። በእግራቸው መጡ። «ጋሼ፣ መልእክት አለዎት» አልኳቸው፤ ድምፄን እንደ ሌላው ቀን ለማድረግ እየሞከርኩ። ስልካቸውን ከሳጥኗ ጋር አገናኘሁላቸው። እንደ ሁሉም ሰው ማንጎው ሥር ሄደው ቆሙ። እኔ ፕሪንተር ከፍቼ የምጠግን መሰልኩ። ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

አንድ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው ሰሙ። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ደግመው ሰሙ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሰምተው ሲጨርሱ ቀና ብለው ወደ እኔ መስኮት ነበር የሚያዩት፤ «ጨርሻለሁ» ለማለት። እሳቸው አላዩም። ግንዱን ይዘው መሬት መሬት አዩ። የፕሪንተሩን ክዳን መልሼ ገጠምኩት።

ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ።»

«ሰላም ነው፣ ጋሼ?»

«ሰላም ነው፤ ሰላም ነው።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዙረው አዩ። «ቤትሽ ያው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ነገ ወደ ሥራ የምትወጪው መቼ ነው?»

«ነገ ቤት ነኝ» አልኩ።

«ጥሩ። ዛሬ እራትሽን ብዪ፣ እሺ? ደህና አድርገሽ ብዪ። ተኚ ደግሞ።»

«እሺ ጋሼ።»

ሄዱ። የቀሩ መልእክቶች ነበሩ። ስማቸውን እየጠራሁ ለሰዎቹ ሰጠሁ። አንዲት ሴት የልጇን ድምፅ ሰምታ እልል አለች። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

ቤት ስደርስ አከራዬ በሬ ላይ ቆማ ነበር፤ በሳህን ዓሣ ጠብሳ ይዛ። ስንት ጊዜ በወጉ ሰላም ሳንባባል ቆይተን «በይ ብዪ» ብላ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኋትም። እሷም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቲማቲም መወደድ አወራች። ዓይኔን አታይም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። በላሁ፤ አጥንቱን እየለቀምኩ በላሁ። ስትወጣ ግቢው ውስጥ ከሰው ጋር ስትንሾካሾክ፣ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ክፍሌን ጠረግሁ። አንድ ወንበር ነው ያለኝ፤ ወደ ጥግ አስጠጋሁት። አልጋውን አነጠፍኩ፣ ምንጣፉን አራገፍኩ። እንዲህ ሳደርግ ወንድሜ ገና አልሞተም ነበር። ሞኝነት ነው በሉኝ፤ ግን ማንም ደፍሮ አልነገረኝም። ያልተነገረ ሞት ገና አልገባም። እሱ እዚያ ላይ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል፤ ስልኩ ጠፍቶበታል። አጎቴ በሰጠኝ በዚያች ቃል ውስጥ እሱን ይዤ ተኛሁ። እናም ይገርማል፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያነቃኝ ኮቴ ነው። ጎህ ገና እየቀደደ ነበር። የብዙ ሰው ጫማ በቀስታ ጠጠር ሲረግጥ፣ አንዱ ሌላውን «እሽ» ሲል፣ ሰው ሳሉን ሲውጥ። ነጠላዬን ለብሼ ተነሣሁ፤ ሳያንኳኩ ከፈትኩት።

ግቢው ሞልቷል። ጋሼ ከፊት፤ ከጎናቸው አከራዬ፣ መቀነቷን አጥብቃ። አናጢውና ሚስቱ። አትክልት ሻጯ። ኃላፊዬ አንገቱን ደፍቶ። ያ ሙዝ ጫኝ፣ ገና ሐዘኑ ያልወጣለት። ድምፅ ሰጥቼያቸው ስማቸውን እንኳ የማላስታውሳቸው ሰዎች እስከ አጥሩ ድረስ። ማን ይመጣልኛል ብዬ ነበር፤ መጡልኝ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ያን ሁሉ ሰው አልፌ የምፈልገው አንድ ፊት ነበር።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ገና አይንገሩኝ። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ።»

መልሰው ዘጉት። «እሺ ልጄ» አሉ። ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ዝም ብሎ ቆመልኝ።